አራተኛው ጥያቄና የየሺመቤት ሹሩባ

ተረት ተረት!
የዶርም መብራት!

ትርንጎ የምትባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ስምንት ሰዓት ላይ የኢኮኖሚክስ ፈተና አለባት። አንዴ ወድቃለች፤ ዛሬ ከደገመች ሻንጣዋን አንስታ ወደ ሞጣ መመለሷ ነው። መልመጃውን ይዛ እስከ ሦስተኛው ጥያቄ በሰላም ደረሰች፤ አራተኛው ግን እምቢ አላት። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ አንደኛዋ አገር በቀን ስድስት ኩንታል ጤፍ ወይም ሦስት ጣቃ ጨርቅ ታመርታለች፤ ሁለተኛዋ አገር አንድ ኩንታል ጤፍ ወይም አንድ ጣቃ ጨርቅ። ጨርቁን ማን ይሥራ? ትርንጎ ሦስት ጊዜ «አንደኛዋ» ብላ ጻፈች፤ ሦስት ጊዜም ተሳሳተች። በሁሉም የምትበልጠው እያለች በሁሉም የምታንሰው ምን ልትሠራ ነው?

ከክፍሉ ልጆች ጎበዟ ፈዲላ ናት። ትርንጎ ቧንቧው ዘንድ ሄዳ ከልብስ ክምር ጋር ስትታገል አገኘቻት።

«ፈዲላዬ፣ አራተኛውን አስረጂኝ፤ አራተኛው ካልገባኝ ፈተናው ይጥለኛል።»

«ውሃው አምስት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ልብሴ ካልታጠበ አላስረዳም።»

«እኔ ልጠብልሽ?»

«ባለፈው ያጠብሽልኝ ነጭ ሻርፕ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ተይኝ እህቴ! ለእጥበት ብርቂን ለምኚ።»

ብርቂ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ብዕሯን እየነከሰች፣ የቤተ ሙከራ ሪፖርቷን በንጹሕ ወረቀት ትገለብጣለች። በሰዓት አንድ ገጽ ከሞላላት ትልቅ ነገር ነው።

«ብርቂዬ፣ የፈዲላን ልብስ እጠቢላት። ፈዲላ ልብሷ ካልታጠበ አታስረዳም፤ አራተኛው ካልገባኝ ፈተናው ይጥለኛል።»

«ስድስት ሰዓት ላይ አስረክባለሁ። ሪፖርቴ ካልተጻፈ አላጥብም።»

«እኔ ልጻፍልሽ?»

«የአንቺን ጽሑፍ አንቺስ ታነቢዋለሽ? ሂጂ ወደ የሺመቤት።»

የሺመቤት ስትጽፍ የታተመ ይመስላል። ዛሬ ግን መስታወት ፊቷ አቁማ፣ ሁለት እጇን ወደ ማጅራቷ ልካ፣ የራሷን ሹሩባ ራሷ ትጎነጉናለች። ያልተጎነጎነው ከተጎነጎነው ይበዛል።

«የሺዬ፣ የብርቂን ሪፖርት ጻፊላት። ብርቂ ሪፖርቷ ካልተጻፈ አታጥብም፤ ፈዲላ ልብሷ ካልታጠበ አታስረዳም፤ አራተኛው ካልገባኝ ፈተናው ይጥለኛል።»

«ዛሬ ለእህቴ ሽማግሌ ይመጣል። ሹሩባዬ ካልተሠራ አልጽፍም።»

«እኔ ልሥራሽ?»

«አንቺ ለአንድ ራስ አንድ ሰዓት ትፈጂያለሽ፤ ፈዲላ በግማሽ ሰዓት ትጨርሰዋለች። እሷን ጥሪልኝ።»

ትርንጎ ተመልሳ ወደ ቧንቧው ሮጠች።

«ፈዲላዬ፣ የየሺመቤትን ሹሩባ ሥሪላት። የሺመቤት ሹሩባዋ ካልተሠራ አትጽፍም፤ ብርቂ ሪፖርቷ ካልተጻፈ አታጥብም፤ አንቺም ልብስሽ ካልታጠበ አታስረጂም፤ አራተኛው ካልገባኝ ፈተናው ይጥለኛል!»

«ሹሩባ ልሥራ፣ ልብስ ልጠብ ወይስ አንቺን ላስረዳ?» አለች ፈዲላ አረፋ ያለበት እጇን እያሳየቻት። «ስንት እጅ ያለኝ መሰለሽ?»

ከሁለት ያጣ ሲባል ሰምታችኋል፤ ትርንጎማ ከሦስት ያጣች ሆነች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ማጠብ ብርቂ፣ መጻፍ የሺመቤት፣ ሹሩባም ትምህርትም ፈዲላ! እሷ ግን ለምንም አትረባም። ይህ ከፈተናው ይልቅ አንገበገባት።

አልቅሳ ሲወጣላት ተናደደች፤ ተናዳም በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«ቆይ፣ ቆይ። ፈዲላ በግማሽ ሰዓት ሦስት ጥያቄ ታስረዳለች። የሺን ከሠራች ሦስት ጥያቄ ቀረ ማለት ነው። እኔ በአንድ ሰዓት የምሠራው አንድ ጥያቄ ነው፤ ያውም ተሳስቼ። እኔ ከሠራኋት የሚቀረው አንድ ብቻ! ነገሩ ማን ይፈጥናል አይደለማ፤ ማን ትንሽ ይተዋል ነው!»

ብድግ ብላ ሚዶውን ከየሺመቤት እጅ ነጠቀች።

«ተቀመጪ።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ። እጅሽ ግን ሥራ ፈቷል፤ የብርቂን ሪፖርት ጻፊበት።»

ትርንጎ መጎንጎን ስትጀምር የሺመቤት መጻፍ ጀመረች። የሺመቤት ስትጽፍ ብርቂ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ቧንቧው ወረደች። ብርቂ ስታጥብ ፈዲላ እጇን አደራርቃ መጣች።

«በይ አራተኛውን አምጪ። ጨርቁን ማን ይሥራ?»

«ሁለተኛዋ» አለች ትርንጎ ዓይኗን ከማጅራቱ ሳታነሣ። «አንደኛዋ ለአንድ ጣቃ ሁለት ኩንታል ጤፍ ትተዋለች፤ ሁለተኛዋ የምትተወው አንድ ነው። በሁሉም የምታንሰውም ሥራ አላት።»

ፈዲላ መልመጃውን አጠፈችው።

«ታዲያ እኔን ለምን ፈለግሽኝ?»

«ለአምስተኛው።»

ትርንጎ ስምንት ሰዓት ላይ ተፈትና አለፈች።

ተረቴ አለቀ። እኔን ስትሰሙ የተዋችሁት ሥራ ካለ፣ ሂዱና ሥሩት።