«ምናምኑ» ስንት ነው?

«ክቡር» ካልተባሉ ሰላምታ የማይመልሱ አንድ አስተዳዳሪ ትምህርት ቤት ሊጎበኙ ሄዱ። በአንዱ ክፍል የሂሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ክብ ስሎ፣ የክብ ዙሪያ የወርዱ ሦስት እጥፍ ከምናምን መሆኑን ሲያስረዳ ደረሱ።

አስተዳዳሪው ቱግ አሉ። «መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልህ ‹ምናምን› እያልክ እንድታስተምር ነው? ምናምኑ በትክክል ስንት ነው?»

«ክቡር አስተዳዳሪ፣ ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች ማለቂያ የላቸውም» አለ መምህሩ። «ቁጥሩን በራሱ ደጋግመው ቢያባዙት፣ ሙሉ ቁጥር ቢደምሩበት፣ ቢቀንሱበት፣ መቼም ሙሉ ቁጥር ሆኖ አይወጣም። እንዲህ ባለ ስሌት ሁሉ አይያዝም። ሊቃውንቱም ይህንኑ አረጋግጠው ተዉት።»

«አስተዳዳሪ ስላልነበራቸው ነዋ!» አሉ ክቡርነታቸው። ወዲያው ጸሐፊያቸውን ጠርተው መመሪያ አስጻፉ፤ ቁጥሩ እስከ ዓርብ ተጠናቅቆ እንዲያልቅ፣ የመጨረሻው አሃዝም ማኅተም ተደርጎበት እንዲቀርብ። ይህ ካልሆነ መምህሩ ወደ በረሃ ይዛወራል።

ዓርብ ዕለት መምህሩ ባዶ እጁን ቢሮ ገባ።

«የታል የመጨረሻው አሃዝ?» አሉ አስተዳዳሪው ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «ዛሬ ልክ አስገባሃለሁ!»

መምህሩ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እኔን ልክ ማስገባት ቀላል ነው፣ ክቡርነትዎ። ተራ ሰው ስለሆንኩ ልክ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያስቸገሩኝ ሁለት ናቸው፤ ክብ ልኩ አይታወቅም፣ ክቡር ደግሞ ልኩን አያውቅም።»