ሰልፉን ያጠፋችው ሠልጣኝ

የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሲሙሌሽን ሥልጠና ገቡ፤ የእውነቱን ሥራ በኮምፒውተር አስመስሎ ማየት ማለት ነው። አንዲት መልስ የማታጣ ሠልጣኝ የገዛ ቢሯቸውን አስመስላ ሠራች። በምርቃቱ ዕለት፣ ማህተሙን ከኪሳቸው የማይለዩት ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምመላሽ መጥተው ቢያዩ፣ ባለጉዳዩ ስክሪኑ ላይ ተሰልፎ ከበራቸው እስከ አስፋልቱ ደርሷል።

«ውሸት ነው! ይህን ሰልፍ አሁኑኑ ካላጠፋሽ ሰርተፍኬት የለሽም!» ብለው በእንግዶች ፊት ጮኹባት።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አንድ ሁለት ቁልፍ ነካካች። ወዲያው በሩ ላይ አንድ ሰው እንኳ አልቀረም።

አቶ ደምመላሽ ፊታቸው በራ። «አላልኩም? ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው! ለመሆኑ ምኑን አስተካከልሽው?»

«ኮምፒውተሩስ ደህና ነው ጌታዬ፤ ማህተሙን ለጸሐፊዎ ሰጥቼ እርስዎን የዓመት ፈቃድ አስወጣሁዎት።»