ጀልባዋ የተገለበጠችበት ቴምብር

በአንድ ወቅት ሦስት ሰዎች በአንድ ቴምብር ተጣላን። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ። የትኛው እንደሆንኩ አልናገርም፤ ፍርዳችሁ እንዳያደላ ነው።

አገሩ በባሕረ ሰላጤው ካሉት ትንንሾቹ አንዱ ነው። በበረዶ ፋብሪካ ተቀጥረን እንሠራ ነበር፤ ውጭው እሳት፣ ውስጡ ውርጭ። ውላችን ካለቀ ቆይቷል፤ መመለሻ ግን አልነበረንም። ሌላውን አልዘረዝርም።

ከሦስታችን አንዱ፣ ቢረሳው፣ እናቱ «ልጄ ሞቷል» ብለው ተዝካሩን እንዳያወጡ ሰጋና ደብዳቤ አስጻፈ። ሰላምታው ብቻ ሦስት ገጽ ፈጀ፤ በሬው ሳይቀር እጅ ተነሣ። «በሕይወት አለሁ» የምትለዋ ጠርዝ ላይ ተሸጎጠች።

የጻፈለት ሁለተኛው፣ ዘርጋው ነው። አድራሻውንም በአማርኛ አሳምሮ ጻፈው፤ «ይድረስ ለወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ደጀን፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ»። የአገር ስም የለ፣ የፈረንጅ ፊደል የለ።

ፖስታ ቤት የሄደው ዐረብኛ የሚያውቀው ኑርዬ ነው። የተሰጠው ቴምብር ላይ ጀልባዋ ተገልብጣ ታትማለች፤ ሸራዋ ታች፣ ሆዷ ላይ። ሻጩ ደንግጦ «ተበላሽቷል፣ ልቀይርልህ» አለው።

«እኛም የምንኖረው እንዲሁ ነው፤ ተወው» አለና ልሶ ለጠፈው።

በሁለት ወሩ ደብዳቤው ተመለሰ። አድራሻውን የሚያነብ ሰው ጠፍቶ ነው። ይዞት የመጣው የፖስታ ቤቱ ሹም ራሱ ነበር፤ ቴምብር ይሰበስባል።

«የተገለበጡትን ሁሉ አቃጥለናል፤ የተረፈችው ይህች ናት» አለ። «ስጡኝ። ወንድሜ መርከብ አለው፤ ሐሙስ አንድ ሰው አሰብ ያደርስላችኋል።»

«አንድ?»

«አንድ።»

ቢረሳው ቀደመ። «ደብዳቤው የኔ፣ እናቲቱም የኔ። በሬው ሳይታረድ ልድረስ!»

«በሌላ ፊደል ጽፌው ቢሆን ቴምብሩ ዛሬ ደጀን ነበር» አለ ዘርጋው። «ወደዚህ የመለሰው የኔ ስሕተት ነው። ደግሞ እኔ ብሄድ ደብዳቤውን አነብላቸዋለሁ።»

«እኔን ካዩኝ ደብዳቤ ምን ያደርግላቸዋል፣ አንተ ደረቅ!»

ኑርዬ እስኪጨርሱ ጠበቀ። «ልቀይርልህ ሲለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እሺ ብል ኖሮ ይሄኔ አመድ ነው። ምራቄም እስካሁን ከሥሩ አለ፤ ይመርመር!»

«በምራቅማ ከሆነ» አለ ቢረሳው፣ «አንተ ስታወራ እኛ ስንት ጊዜ ታጥበናል!»

ሹሙ ቴምብሩን ሊቆርጥ መቀሱን አውጥቶ «የሚሄደው ማናችሁ ነው?» አለ።

እኛ እስከ ሐሙስ ተከራክረን ፈረድን። እናንተስ መርከቡ ላይ ማንን ታሳፍሩ ነበር? ባለ ደብዳቤውን፣ የተሳሳተውን ወይስ የላሰውን?

አንዱ ሄደ። ሁለት ቀረን።