ሰዓት የሌለው መስመር

«አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ነይ፣ አንቺው ተጫኚው» አለ ሞላልኝ፣ ለልጁ ወንበሩን እየለቀቀ።

ትርንጎ ገና መግባቷ ነው። ሻንጣዋ በሩ ሥር እንደቆመ ነው። ሌላ ጊዜ ከውጭ ስትመለስ መጀመሪያ ወደ ሯጮቹ ካምፕ ትሄዳለች፤ ቤት ብቅ የምትለው ሰንበት ብላ ነው። ዛሬ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መጣች። አባትየው ይህን ልብ አላለም። ሊያሳያት የጓጓለት ነገር ነበረው።

«አባዬ፣ ጫማዬን እንኳ ላውልቅ።»

«ጫማሽ የትም አይሄድብሽም። ተጫኚው!»

ተጫነችው። ባዶ የነበረው የኤክሴል ሰንጠረዥ ከላይ ወደ ታች ይሞላ ጀመር። ቀን። ከተማ። ርቀት። ሰዓት። ደረጃ። እስከ ዛሬ የሮጠቻቸው ሩጫዎች፣ ማንም እጁን ሳያሳርፍባቸው፣ ተራ በተራ ተሰለፉ።

«አየሽልኝ? ማክሮ ይሉታል። ለኮምፒውተሩ አንዴ የምትጽፊለት ትእዛዝ ነው። የሩጫ ውጤት የሚለጥፈውን ድረ ገጽ ራሱ ይከፍታል፣ ስምሽን ራሱ ይፈልጋል፣ ያገኘውን አምጥቶ እዚህ ይደረድርልኛል። ቁጭ ብዬ ነው የማይሽ!»

ሞላልኝ ዕድሜውን የጨረሰው መረጃ በሚሰበሰብበት መሥሪያ ቤት ነው። አሁን ጡረተኛ ነው። ልጁ የረጅም ርቀት ሯጭ ናት፤ ግን በቴሌቪዥን ከሚታዩት አይደለችም። የምትሮጠው ስማቸው ምላስ በሚያስር ትንንሽ የውጭ ከተሞች ነው። ከመሮጧ በፊትም ለማንም አትናገርም። ጓደኞቿም እንዲያው ናቸው፤ ያልተሮጠ ሩጫ አይወራም ይላሉ።

እናቷ በሕይወት ሳለች ስልኩን የምትይዘው እሷ ነበረች። «በላሽ ወይ? በረደሽ ወይ?» ስትል፣ ሞላልኝ ከጎኗ ቆሞ «በስንት ገባች? በስንት ገባሽ በያት እንጂ!» እያለ ይጎተጉታታል። እናትየው ስታርፍ ስልኩ ለእሱ ቀረ። ጥያቄውም ያው እንደ ድሮው።

ማክሮውን የሠራው ከናፍቆት ነው። ከልጁ አጠገብ የሚውልበት ሌላ ብልሃት አያውቅም። ጠዋት ፊቱን እንደታጠበ ቁልፏን ይጫናል። አዲስ መስመር ከመጣ ስልኩን አንሥቶ «ጎበዝ! ከባለፈው አሻሽለሻል!» ይላል። ካልመጣ፣ ልምምድ ላይ ናት ይልና ቀኑን ይጀምራል። በፍርዱ የሚባለው ጎረቤቱ ይቀልድበታል፤ «ሞላልኝ፣ ልጅህ ወለደች ብንልህ በስንት ደቂቃ ነው የምትለን» ይለዋል።

ትርንጎ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ቁልቁል ወሰደች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«የመጋቢቱስ?»

«የመጋቢቱ ምን?»

«ሩጫው።»

«መጋቢት አልሮጥሽም። ይኸው፣ ከጥር ቀጥሎ ግንቦት ነው።»

«ሮጫለሁ፣ አባዬ።»

«ኧረ ልጄ! ቢኖር መች ያልፈው ነበር?»

«ዝናብ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ከግማሽ በኋላ ባቴን ያዘኝ። ታገልኩት፤ እንቢ አለ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ኮቷን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ሮዝ ኮት። እስካሁን ያ ኮት አይረሳኝም።» ጣቷን ወደ ላይ መለሰች። «የአምናው የጥቅምቱም የለም። እሱንም አቋርጬ ነው የወጣሁት።»

ሞላልኝ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። መልሶ አደረገው። ሰንጠረዡ ያው ነው፤ ከጥር ቀጥሎ ግንቦት።

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትደውላለህ ብዬ ነዋ። ስጨርስ በነጋታው ትደውላለህ። ሳቋርጥ አትደውልም። አንድ ቀን እንኳ ስተህ አታውቅም።» ድምጿ ቀጠነ። «አሳፍሬው ነው አልኩ። ስታኮርፍ ዝም ነው የምትለው፤ አውቅሃለሁ።»

ሞላልኝ የሚያውቀውን አደረገ፤ ኪቦርዱን ሳበና የማክሮውን ጽሑፍ ከፈተ። መስመር በመስመር ወረደ። እመሐሉ ላይ አገኘው። የራሱ እጅ ነው።

«ይኸውልሽ» አለ ጣቱን አስደግፎ። «ሰዓት የሌለው መስመር ካገኘህ ዝለለው፣ ይላል። ላቋረጠ ሰው ደግሞ ስሙ እንጂ ሰዓት አይጻፍለትም።»

«ዝለለው?»

«መሥሪያ ቤት የምንሠራው እንዲያ ነበር። ባዶ ያለበት መስመር አማካዩን ያበላሻል፤ ይጣላል። መጀመሪያ ያስተማሩን እሱን ነው። እጄ ለምዶ ነው የጻፈው።»

«እና አልተቀየምከኝም?»

«አላወቅኩም፣ የኔ እናት። አላወቅኩም።»

ሲጀምረው፣ አላወቅኩም ማለት ጥፋት የለብኝም ማለት መስሎት ነበር። ከአፉ ሲወጣ ግን እንደዚያ ሆኖ አልተሰማውም።

ትርንጎ ሳቋ መጣ። እንባዋም አብሮ። «ስንት ጊዜ ሙሉ አባቴ አኮረፈኝ ብዬ! ለካ ያኮረፈኝ ይሄ ነው!» ብላ ኮምፒውተሩን በእጇ ጀርባ መታ አደረገችው።

አባትየው ያቺን ትእዛዝ ሰረዘ። ጣቱን ወደ ቁልፏ ሰደደ፤ የተዘለሉት ሁሉ አሁን ተመልሰው ይመጣሉ። ሊጫን ሲል ልጁ እጇን እጁ ላይ ጫነችበት።

«ቆይ። አትጫነው።»

«ምነው?»

«አሁን ብትጫነው የሚመጣ አለ። ከሱ ከምትሰማው እኔ ልንገርህ።»

ሞላልኝ ጣቱ ቁልፏ ላይ እንዳለች ቀረ። ቢጫን ዓይኑን ጨፍኖ ሳይገልጥ ሁሉንም ያውቃል። ጠዋት ጠዋት የለመደው ይኼው ነው፤ ማወቅ፣ ቶሎ ማወቅ። ልጁን አያት።

እጁን አነሣ። ስክሪኑን አጠፋው።

«ንገሪኝ።»

«እሑድ ሮጬ ነበር። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እግሬ ተጠማዘዘ። አልጨረስኩም። ካምፕ መሄድ ከበደኝ። ይሄን የሩጫ ነገር ልተወው ወይስ ልቀጥል፣ እሱንም አላውቅም። ሁሉ ነገር ይቆይና፣ ባዶ እጄን ስመጣ አባቴ ፊቱ ምን ይመስል ይሆን፣ መጀመሪያ እሱን ልይ ብዬ መጣሁ።»

ሻንጣውን ያየው ያኔ ነው። ቀጥሎ ጫማዋን አየ። የግራው ክሩ አልታሰረም፤ ቁርጭምጭሚቷ ጫማውን ሞልቶ ወደ ላይ ወጥቷል። ገና እንደገባች፣ ጫማዬን ላውልቅ ብላው ነበር።

ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ጫማውን ቀስ አድርጎ ሳበው።

«አመመሽ?»

«ትንሽ።»

«አንዴ ያዢኝ። ትከሻዬን ያዢ። እዚያ ብርድ ነበር?»

«ብርድ ነበር።»

«ማን አነሣሽ?»

«አንድ ፖሊስ። ደግ ሰው ነው። ብስኩት ሰጠኝ።»

«ከዚያ ወዲህስ በላሽ ወይ?»

ትርንጎ ጥያቄውን የምታውቀው በእናቷ ድምፅ ነው። ጎንበስ ብላ ግንባሯን አባቷ ራስ ላይ አሳረፈች። ከዚያ እሱ ተነሥቶ፣ ጨው ጨምሮ እግሯን የሚዘፈዝፍበት ውሃ ጣደ።

ውሃው እስኪሞቅ፣ ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር እንበል። ይህ አባት ልጁን ይወዳታል። ማክሮውም አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ሲያደርግ ነው የኖረው። እኛም የምንወደውን ሰው የምንፈልግበት አንድ ነገር አለን፤ ውጤቱ ይሆናል፣ ሥራው ይሆናል፣ ሳቁ ይሆናል። ያ ነገር የጠፋ ቀን ሰውየውም አብሮ ይጠፋብናል፤ እኛ ግን ደኅና ነው ብለን ቀናችንን እንጀምራለን። ሰው አጠገቡ ሰው የሚያስፈልገው ደግሞ በዚያ ቀን ነው። አንተስ? አንቺስ? «ዝለለው» ብላችሁ ጽፋችሁ የረሳችሁት የትኛውን ቀን ነው? ዝም ካለ የሰነበተ ሰው ትዝ ካላችሁ፣ ይህንን ጽሑፍ ለሌላ ከመላካችሁ በፊት ለእሱ ደውሉለት። ስትደውሉም ውጤት አትጠይቁት።

በሩ ተንኳኳ። ሞላልኝ እጁን በፎጣ እየጠረገ ሄዶ ከፈተው። ጎረቤቱ በፍርዱ ነው፤ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ሊያይ ይሞክራል።

«ትርንጎ መጣች አሉ! እህሳ፣ በስንት ገባች? ዛሬ ደግሞ ስንት ሰከንድ ልትቆጥርብን ነው?»

ከኋላው ልጁ እግሯን ሞቅ ባለው ውሃ ውስጥ ስትነክር «እሰይ» ስትል ተሰማ።

«ቆየኝ በፍርዱ» አለ ሞላልኝ። «ገና እየነገረችኝ ነው።»

በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።