ዋኔ የፈለፈለችበት ሄልሜት

ተረት ተረት ስላችሁ የሳይክል ደወል ደውሉልኝ።

ጣና ዳር፣ ዘንባባ በተሰለፈበት ከተማ፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ልየው አናጢ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሳይክል ሥራ ይሄዳል። ጎረቤታቸው አድማሱ ባጃጅ ገጭቶት በጭንቅላቱ ከወደቀ ወዲህ ሚስቱን «አንቺ ማነሽ?» እያለ ይጠይቃታል። አንጓች ይህን አይታ ፈራች፤ ለባሏ ሄልሜት ገዛችለት። ልየው ግን በረንዳው ላይ በማሰሪያው ገልብጦ ሰቀለው። ዋኔ የምትባለው የዱር እርግብ አገኘችው፤ ጎጆ ሠራችበት፤ ፈለፈለችበትም።

ከተማው በጉም ተሸፍኖ ባደረበት አንድ ጠዋት፣ «ልየው፣ ዛሬስ ሄልሜትህን አድርግልኝ» አለችው።

«አገሩ ሁሉ በባዶ ራሱ ይነዳል፤ እኔ ምን የሳይክል ተወዳዳሪ ነኝ? ደግሞ ዋኔዋ ካልለቀቀች አላደርግም» አለ።

«እመት ዋኔ፣ ልቀቂ፤ ልየው አላደርግም ብሏል።»

«ጫጩቶቼ ካልበረሩ አልለቅም» አለች ዋኔ።

«ጫጩቶች፣ ብረሩ፤ ዋኔ አልለቅም ብላለች፣ ልየው አላደርግም ብሏል።»

«ክንፋችን ረጥቧል፤ ፀሐይ ካላደረቀችን አንበርም» አሉ።

«እመት ፀሐይ፣ ውጪ፤ ጫጩቶች አንበርም ብለዋል፣ ዋኔ አልለቅም ብላለች፣ ልየው አላደርግም ብሏል።»

ፀሐይ ከትራሷ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ጉም ካልተነሳልኝ አልወጣም» አለች።

«አያ ጉም፣ ተነስ፤ ፀሐይ አልወጣም ብላለች፣ ጫጩቶች አንበርም ብለዋል፣ ዋኔ አልለቅም ብላለች፣ ልየው አላደርግም ብሏል።»

ጉም ሐይቁ ላይ ተንጋሎ፣ «ነፋስ ካልገፋኝ አልነሳም» አለ።

«አያ ነፋስ፣ ንቃ፤ ጉም አልነሳም ብሏል፣ ፀሐይ አልወጣም ብላለች፣ ጫጩቶች አንበርም ብለዋል፣ ዋኔ አልለቅም ብላለች፣ ልየው አላደርግም ብሏል።»

ነፋስ ዘንባባው ሥር በእንቅልፍ ልቡ፣ «ሳይክል በጎኔ ካላለፈ አልነቃም» አለ።

ሳይክል ደግሞ ነጂ ይፈልጋል። ልየው እንደሆነ ሻዩን ፉት እያለ ነው። አንጓች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ራሷ ሳይክሉ ላይ ወጣች፤ በባዶ ራሷ ጉሙ ውስጥ ገባች።

ልየው የባጃጅ ጥሩምባ ሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ። «አንጓች!» ብሎ ተጣራ፤ መልስ የለም። አድማሱ ትዝ አለው፤ ሻዩን ጥሎ ተነሳ።

ሳይክሉ ነፋስን ቀሰቀሰ፣ ነፋስ ጉምን ገፋ፣ ጉም ለፀሐይ ተነሳ፣ ፀሐይ ጫጩቶችን አደረቀች፣ ጫጩቶች በረሩ፣ ዋኔ ለቀቀች። በተገለጠው መንገድ ላይ አንጓች ደወሏን እየደወለች ስትመለስ ታየች። ልየው ሄልሜቱን ነጥቆ፣ ጎጆውን አራግፎ ሮጠና ራሷ ላይ ደፋላት።

«ጠዋት ጠዋት እኔ ስወጣ እንዲህ ነው እንዴ የምትጨነቂው?» አላት።

«እንዲህ ነው» አለች። ወረደችና ሄልሜቱን ከራሷ አውልቃ እሱ ራስ ላይ አደረገችው። ከጫጩቶቹ ሙቀት ገና ይሞቅ ነበር። ማሰሪያውን አገጩ ሥር ስታጠብቅለት አንገቱን ቀና አደረገላት።

ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ገና ከበሩ ሳይደርስ፣ «አንጓች» ብሎ በስሟ ጠራት።

ተረቴን መልሱ፣ ራሳችሁንም ይዛችሁ ግቡ።