ባለ ዶሮ እግሩ ማጭድ

በእኛ አገር የማጭድ ነገር በተነሣ ቁጥር ጣል የሚደረግ አንድ ተረት አለ። ተራቹ ይስቃል፣ ሰሚውም ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም። ተረቱ የወጣው ከአያቴ ማሳ ላይ ነው፤ ያን ዓመት ጦሙን ያደረውም የአያቴ ቤት ነው። መነሻውን ሳያውቁ ጥርሳቸውን ለሚያሳዩ ሰዎች አንዴ ተናግሬ ልገላገል።

ደምለው የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። ከወንዝ ማዶ መጥቶ በሽንብራ ሜዳ ገበያ ዳር ወናፉን የተከለ ዝምተኛ ሰው ነው። ቢላዋም መጥረቢያም ይሠራል፤ እጁ የተመሰገነው ግን በማጭዱ ነው። በእያንዳንዱ ማጭድ ላይ፣ ከእጀታው ከፍ ብሎ፣ የዶሮ እግር የመሰለች ምልክት ይመታበታል። ሲሸጥ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ከጎኑ የደረቀ የጤፍ ነዶ ያስቀምጣል፤ ማጭድ ያነሣ ሰው ከነዶው ጨብጦ አንዴ ሳብ አድርጎ ካልቆረጠ አይሸጥለትም።

«እኔን አትመኑ፤ እጃችሁን እመኑ» ይል ነበር።

ስሙ ገነነ። ከሦስት ቀን መንገድ እየመጡ «ባለ ዶሮ እግሩን» ብለው የሚጠይቁ በዙ። ሌሎቹ ቀጥቃጮች ማጭዳቸውን ተሸክመው ሲመለሱ የደምለው እቃ እስከ ቀትር አይቆይም። ጎጆ የሚወጣ ጎረምሳ ባለ ዶሮ እግር ማጭድ ከሌለው ጎጆ ወጣ አይባልም ነበር። የእኛን ሰው ጉድ ስሙ እንግዲህ! ደምለውን በአንድ ገበታ የሚያቀርብ አንድም ሰው አልነበረም። «ቡዳ ነው፣ ዓይኑ እንዳያርፍባችሁ» እያልን ልጆቻችንን ከፊቱ እንሸሽጋለን፤ ማጭዱን ግን ከግድግዳ አውርደን ለእንግዳ እያሳየን እንኩራራለን። ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

እየቆየ ነዶ መቁረጡ ቀረ። ደምለው አርጅቶ ነዶውን ቢያስቀምጥም የሚነካው ጠፋ። የዶሮ እግር ያለበትን ማጭድ መሞከር ባለእጁን እንደ መስደብ፣ ገበያም አለማወቅ ሆኖ ተቆጠረ። «ምልክቱን አታይም? ደግሞ ምን ይሞከራል!» ተብሎ ይሳቅብሃል።

ደምለው ሞተና ሁለት ልጆች ቀሩ። ወንዱ ልመንህ እሳት ፊት መቀመጥ አይወድም። ሴቷ እናኑ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ወናፍ ስትነፋ፣ ብረት ስታገላብጥ ያደገች ናት፤ የአባቷን እጅ የወረሰችው እሷ ነች። ምልክት መምቻው ብረት ግን ለወንዱ ደረሰ። እሱም ጥጋቡ ለሚባል ነጋዴ ሰጥቶ በአንድ በቅሎ ለወጠው። በአንድ በቅሎ! አባቱ አርባ ዓመት ላቡን ያፈሰሰበትን ስም ኮርቻ ጭኖ ጋለበው።

ጥጋቡ መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው። አሮጌ በርሜል እያስቀደደ፣ በማጭድ አምሳል እያስጎበጠ፣ የዶሮ እግር እያስመታ ገበያውን ሞላው። ክፋቱ በዚህ አላበቃም። ደምለው የሠራው ብረት ምን ያህል ደግ እንደሆነ ያውቃልና «አሮጌ ማጭዳችሁንና አንድ ስሙኒ አምጡ፣ አዲሱን ውሰዱ!» እያለ አስለፈፈ። አገሩ ተግተልትሎ የደምለውን ብረት አስረክቦ የበርሜል ቅዳጅ ታቅፎ ተመለሰ።

አያቴ ሽባባው አንዱ ነበር። ባለፈው ዓመት እህሉን በረዶ መትቶበታል። በዚህ ዓመት ያለችው ከወንዙ ዳር ያለች አንዲት የጤፍ ማሳ ብቻ ናት፤ ሰባት ነፍስ የሚከርመው በእሷ ነው። ጤፏ ነጥታ ደርሳለች፣ ለማክሰኞ ሃያ ሰው ደቦ ጠርቷል። ቅዳሜ አሮጌ ማጭዱን ይዞ ገበያ ወረደ። በመንገዱ ላይ እናኑ ማጭዶቿን ደርድራ፣ የአባቷን ነዶ ከጎኗ አድርጋ ተቀምጣለች። የሚጠጋት ሰው የለም።

«አያ ሽባባው፣ እባክዎ ያን ማጭድ ለዚያ ሰው አይስጡት» አለችው። «አባቴ የሠራው ነው። እዚሁ ስዬ ልስጥዎት፣ ምንም አልፈልግም።»

«አዲስ እያለ አሮጌ ምን ያደርግልኛል?»

«አዲስ ካሉ ከእኔ ይውሰዱ። ነዶው ይኸው፣ ይሞክሩት።»

አያቴ አንዱን አንሥቶ አገላበጠው። «ምልክቱ የታለ?»

«ምልክቱን ወንድሜ በበቅሎ ለውጦታል። እጁ ግን እዚህ አለ» ብላ መዳፏን ዘረጋችለት።

«ዞር በይ ወዲያ! ምልክት የሌለው ማጭድ ይዤ ደቦ ፊት ልቆምና መሣቂያ ልሁን?» ብሎ ማጭዷን ወረወረላት።

ጥጋቡ ዘንድ ሲደርስ የሚሞክርበት ነዶ አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም። የደምለውን ማጭድ ከነስሙኒው ሰጠና የሚያብለጨልጨውን ተቀበለ። እናኑ ያን ቀን አንድም ሳትሸጥ ዋለች። በማግስቱ እቃዋን በአህያ ጭና፣ ስሟን ወደማያውቁ ገበያተኞች ተራራውን ተሻገረች።

ማክሰኞ ደቦው በማለዳ ወጣ። ሃያውም ሰው አዲስ ማጭድ ይዟል፣ ሃያውም ላይ የዶሮ እግር አለ። ዘፈኑ ተነሣ፣ አጨዳው ተጀመረ። የመጀመሪያው ጭብጥ ተቆረጠ፣ ሁለተኛው ተጎተተ፣ በሦስተኛው ማጭዱ እንደ ጎመን ቅጠል ተጣጠፈ። አንዱ ቆመ፣ ሌላው ቆመ። ቀና አድርገው በድንጋይ ሊስሉት ሞከሩ፤ የሚሳል ነገር የለውም። ዘፈኑ ጠፋ። ከምዕራብ ደመናው ጠቁሮ መጣ።

«እናኑን ጥሩ! እናኑ ትምጣ!» እያለ አያቴ ጮኸ።

«እናኑማ እኛው አባረርናትና ሄዳለች» አለ አንዱ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የነገረኝ አያቴ ራሱ ነው። ሃያ ሰው ተንበርክኮ ጤፍ በእጁ ነጨ። ጤፍ ደግሞ ሲነጭ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ይመጣል፤ የደረሰው ፍሬም ይረግፋል። ጣታቸው እስኪደማ ነጭተው የማሳውን ሩብ እንኳ ሳያነሡ ዝናቡ ወረደ። ሁለት ቀን ሙሉ ጣለ። በሦስተኛው ቀን ሲወጡ የቀረው ጤፍ ጋሽቦ፣ ጭቃ ላይ ተኝቶ፣ ፍሬው በቅሏል።

አያቴ ዱላውን አነሣ። «ይህን ሌባ ጥጋቡን ካልገደልሁ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!»

የደቦው ሽማግሌ አያ ቢተው መንገዱ ላይ ቆመበት። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ጥፍሩ ተገንጥሎ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሏል። የተጣጠፈውን ማጭድ ከጭቃው አንሥቶ አያቴ እግር ሥር ወረወረው።

«ዱላህን አስቀምጥ! ሌባነቱን ለዳኛ እንነግራለን። የአንተን ጥፋትስ ለማን እንነግራለን? ነዶው ፊትህ ነበር፣ ልጅቱ ለምናህ ነበር፣ እጅም ነበረህ። እኔንም ጨምሮ፣ ሃያ ሰው ቆመን አንዳችን አንዲት ጭብጥ አልቆረጥንም!»

አያቴ ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሽማግሌው ጨርቅ የተጠቀለለ ጣቱን ወደ ማሳው ቀስሮ፣ ሃያውም እንዲሰማው እየጮኸ እንዲህ አለ፦ «ማጭድ በስሙ የገዛ፣ ጤፉን በጥፍሩ ነጨ!»