ማታ ተመለስ

የገና ጾም በገባ ቁጥር በአገሩ እንደ ግራዝማች አምባው አጥብቆ የሚጾም የለም ይባላል፤ የሚሉትም ራሳቸው ግራዝማች ናቸው። ረሃቡ እንዳይሰማቸው ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተሸፋፍነው ይተኛሉ። ደጃቸው የመጣውን ሁሉ ዘበኛው፣ «ጌቶች በጾም ላይ ናቸው፤ ማታ ተመለስ» እያለ ይሸኛል።

አንድ ቀን ግን ሆዳቸው ጮሆ ረፋዱ ላይ ቀሰቀሳቸው። ተነጫንጨው ሲወጡ አንዲት ምላሰኛ ጭሰኛቸው ከአጥሩ ሥር ጥጥ እየፈተለች ሽምብራ ስትቆረጥም ደረሱባት። ወዲያው ጎረቤቱን ሁሉ አስጠሩና በሰው ፊት አፋጠጧት።

«ቄሱ ‹ነቅታችሁ ጠብቁ› ሲሉ አልሰማሽም? ጌታ አሁን ቢመጣ፣ አፍሽን ሽምብራ ሞልቶት ምን ልትዪው ነው? መልስ ካጣሽ ዛሬውኑ መሬቴን ትለቂያለሽ።»

ሴትዮዋ የጎረሰችውን ዋጠችና እጅ ነሳች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ አፌ ስለሚሞላ ምንም አልለውም። ብድግ ብዬ በሩን ብቻ እከፍትለታለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ እርስዎ ቤት የመጣ እንደሆነ ነው፤ ዘበኛዎ ‹ጌቶች በጾም ላይ ናቸው፤ ማታ ተመለስ› ብሎ ይሸኝብናል።»